የላፕቶፕ ጠብታ

ቅዳሜ

ዛሬም ከግራ ቅንድቤ ሥር ነው የጀመረኝ። ጠዋት ላፕቶፑን ስከፍት ደህና ነኝ። የቀትሩ ሰላት፣ ዙህር፣ ሳይደርስ ግን አንድ ሰው አውራ ጣቱን ከዓይኔ ኋላ አስገብቶ ወደ ውጭ የሚገፋኝ ይመስለኛል። ለሰው እንዲህ ብዬ አልናገርም፤ ለየላት ይሉኛል።

ይኼን በእስክሪብቶና በአማርኛ የምጽፈው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ስክሪን ሰልችቶኛል። ሁለተኛ፣ አክስቴ ኤዶ ሩቂያ እቤት ውስጥ የማታነበው ወረቀት የለም፤ አማርኛ ግን አትችልም። ድሬዳዋ ማደጌ ቢያንስ ለዚህ ጠቀመኝ።

የሥራዬ ነገር፦ ከላይ የተነሳ የሀርጌሳ ፎቶ ስክሪኔ ላይ ይዘረጋል። እኔ እያንዳንዷን ጣሪያ በማውዝ እየከበብኩ «ቤት» እላለሁ። የከበብኩት ቤት የውሃ መስመሩ ፕላን ውስጥ ይገባል፤ ያልከበብኩት አይገባም። ቆርቆሮ፣ ቆርቆሮ፣ አጥር፣ የፍየል በረት፣ ቆርቆሮ። ቀኑን ሙሉ። አቦ፣ ዓይን ቢያልቅ ምን ይገርማል!

እርግጥ ቢሮ ውስጥ ቀይ ዓይን የሌለው ሰው የለም። መድኃኒታችን ፍሪጁ ውስጥ ከወተቱ ጎን ትቀመጣለች። የላፕቶፕ ጠብታ እንላታለን፤ እውነተኛ ስሟን ያነበበ ሰው ያለ አይመስለኝም። መጀመሪያ ያመጣቻት ሆዳን ናት፣ ከጎኔ የምትቀመጠው፣ ከጋአን ሊባህ ፋርማሲ ገዝታ። ስታልቅ ተራ የደረሰው ባዶውን ብልቃጥ ይዞ ይሄዳል፤ የፋርማሲው ልጅ አይቶ አዲስ ይሰጠዋል። ማን አዘዘልህ የለ፣ ምንህን አመመህ የለ። ዐሱር ከሰገድን በኋላ፣ ሻይ ከመምጣቱ በፊት፣ እኛ ሴቶቹ አንገታችንን ወደ ኋላ ጥለን እንደ ጫጩት እንደረደራለን። ሆዳን ብልቃጧን ነቅነቅ አድርጋ እየዞረች ትጨምርልናለች። ነጭ ናት፣ እንደ ወተት። ሻዩ ተጠጥቶ ሳያልቅ ቅላቱ ጥርግ ይላል። ወላሂ ተአምር ናት።

እኔ ከረመዳን በፊት ነው የጀመርኳት፤ ይኸው ዐረፋም አልፏል። እቤትም የራሴን ይዣለሁ፤ ጠዋት አንዴ፣ ማታ አንዴ።

የዳሚ ሰፈርን ካርታ ዛሬ ጨርሼ ላክሁ። ተገላገልኩ።


እሁድ

ራስ ምታቱ ዛሬ ቁርስ ላይ ጠበቀኝ። የላሆሁ ቂጣችን ሳይቀርብ።

እስካሁን ያልሞከርኩት የለም። የስክሪኑን ብርሃን ቀነስኩ። ፊደሉን አተለቅሁ። ቢጫ መነጽር ገዛሁ፤ ሆዳን «ማር ልትቆርጪ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። በየመሀሉ ራቅ ብሎ ማየት ጥሩ ነው ስላሉ በመስኮቱ ናሳ ሃብሎድን አያለሁ። ሁለቱን ኮረብቶች ጠገብኳቸው፤ እነሱም እኔን ሳይጠግቡኝ አይቀሩም። ፓናዶል። የጥቁር አዝሙድ ዘይት ግንባሬ ላይ፣ የኤዶ ትእዛዝ ነው። ውሃ፣ ውሃ፣ ውሃ፤ ያተረፈልኝ መጸዳጃ ቤት መመላለስ ብቻ።

እማዬ ከድሬ ደወለች። «የአባትሽን ራስ ወርሰሽ ነው» አለችኝ። እኛ ቤት ክፉ ነገር ሁሉ የሚወረሰው ከአባቴ ነው። ቀጥላ ደግሞ «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ ሐኪም ዘንድ ሂጂ» አለች። እማዬ፣ ምን ደበቅሁ? ላፕቶፕ ነው አልኳት እኮ! ላፕቶፕ ላይ የሚውል ሰው ሁሉ ራሱን ያመዋል። ለዚህ ሐኪም ቤት ተሰልፌ ልዋል?

ኤዶ ደግሞ ሰው ነው ያየሽ ባይ ናት። ላፕቶፕ አንጠልጥዬ ስወጣ ስገባ የሚቀኑ ጎረቤቶች አሉ። ውሃ ላይ ቁርአን አንብባ ፊቴን ረጨችኝ። ቀዝቃዛ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ።

መግሪብ ላይ መብራት ስናበራ ግን አንድ ነገር አየሁ። አምፖሉ ዙሪያ ቀለበት አለ። ውስጡ ሰማያዊ፣ ከዚያ አረንጓዴ፣ ዳሩ ቀይ። ኤዶን «ይታይሻል?» አልኳት። አምፖሉን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። «ምኑ?» አለች። በረንዳ ወጥቼ የመንገዱን መብራት አየሁ፤ እሱም እንዲሁ ነው። የሚያልፈው ባጃጅም መብራቱ ቀለበት አጥልቋል። ያምራል ደግሞ። ማማሩ አስፈራኝ።

ጠብታዬን አድርጌ ተኛሁ።


ሰኞ

ተናድጄአለሁ።

አለቃችን ኢንጂነር ማህዲ ጠራኝና ላፕቶፑን ወደ እኔ አዞረው። «ኳሊቲ ቼክ» ሲል ድምፁ ይቀየራል፤ እንግሊዝኛውን ሲያወጣ ነገር እንዳለ አውቃለሁ። የዳሚ ካርታዬ ነው። «ይኼ ምንድን ነው?» አለኝ። ባዶ ቦታ ነው አልኩት። «እርግጠኛ ነሽ?» በሶማሊኛ መመለስ ሲገባኝ ንዴቴ በአማርኛ አመለጠኝ፤ «ዓይኔን ግንባር ያርገው፣ እዚያ ጋ ቤት አልነበረም!» አልኩት። እሱ ምን ገብቶት! ሆዳን ግን ጅግጅጋ ያደገች ናት፤ ከወዲያ ማዶ ስትስቅ ሰማኋት። ቢሮ ውስጥ ሁለታችን ሐሜታችንን የምናስኬደው በአማርኛ ነው።

ማህዲ ፎቶውን አጎላው። ቤቶች። አንድ ሙሉ መንደር ጣሪያ። ቆርቆሮው ፀሐይ መትቶት ያብለጨልጫል። አንዱንም አልከበብኩትም።

ፋይሌን ሰው ነክቶታል አልኩ። ሌላ ካርታዬን ከፈተ፤ ከዚያ ሌላ። በሁሉም ላይ በግራው በኩል፣ ወደ ላይኛው ጥግ፣ የተዘለለ ቤት አለ። እዚህ ሁለት፣ እዚያ አራት። ሌላው ቦታ አንድ የዶሮ ቤት እንኳ አልቀረኝም። ማህዲ አልጮኸም፤ ቢጮህ ይሻለኝ ነበር። «ሰዓዳ፣ እንዲህ ያለ ሥራ ያንቺ አልነበረም» አለ። ነገ ከሆዳን ጋር ዳሚ ወርደን የተዘለሉትን በእግር እንድንቆጥር አዘዘ። ኮንትራቴ በወሩ መጨረሻ እንደሚታይም አስታወሰኝ፤ እንደማላውቅ።

እኔ ሰነፍ አይደለሁም! ብዙ ነገር ነኝ፤ ነገረኛ ነኝ፣ ቁጡ ነኝ፣ ጠዋት ሰው አላናግርም። ሰነፍ ግን አይደለሁም። ቤቶቹን አላየኋቸውም። አየሁ፣ ግን የለም ነበር። ይኼን እንዴት አድርጌ ለሰው አስረዳለሁ?

ቅድም «ዓይኔን ግንባር» ማለቴ ትዝ እያለኝ ይሰቀጥጠኛል። አዑዙ ቢላህ። ምን አስማለኝ?


ማክሰኞ

ዳሚ። ፀሐይ፣ አቧራ፣ ሕፃናት።

የዘለልኩት መንደር ይኸውላችሁ አለ፤ በሩ፣ ሰዉ፣ የተሰጣው ልብስ ሳይቀር። አንዲት ትልቅ ሴት፣ አደይ ፋዱማ፣ በራቸው ላይ ቆመው ጠበቁን። በጦርነቱ ጊዜ ኢትዮጵያ ተሰደው ስለነበር አማርኛ ይችላሉ፤ እኔና ሆዳን ስናወራ ሰምተው ገቡበት። «ልጄ፣ ይኼን ቤት አላየሽውም?» አሉኝ። ግድግዳውን በመዳፋቸው መታ መታ አደረጉ። «ይኸው በሩ። ይኸው እኔ።»

«ኮምፒውተሩ ነው እማማ» አልኳቸው።

«ኮምፒውተሩም ሲዘል የኛን ሰፈር ነው የሚዘለው?»

የኖሩበትን ነው የሚናገሩት። ዳሚ የሚኖሩት ሌላው ጎሳ የሚንቃቸው ናቸው፣ የሚዘላቸው ብዙ ነው፤ እሳቸው እኔንም ከዚያው ደመሩኝ። የእነሱ ደም ቀይ አይደለም ብላ እንደምታስብ ሰው ዓይን ዓይኔን አዩኝ። እኔ ደግሞ ላለማልቀስ ቤት ቆጠርኩ።

ቢሆንም ግቡ አሉን፣ ውሃ አጠጡን። ስወጣ ነው ጉዱ። በሩ ሥር በግራ በኩል ባልዲ ነበር፤ በአህያ ጋሪ የመጣ፣ የዕለቱ ውሃቸው። በእግሬ ገለበጥኩት። ምንም አላየሁም፣ ምንም። ውሃው አፈሩ ውስጥ ሲገባ ሁላችንም ቆመን አየን። አደይ ፋዱማ አልተቆጡም። ባልዲውን አነሱና «ሂዱ፣ መሸባችሁ» አሉ። ገና ዙህር እንኳ አልሆነም ነበር።

ሆዳን መኪና ውስጥ «ምን ሆነሻል? የሰማይ ስባሪ የሚያህል ባልዲ እኮ ነው!» አለችኝ። ራሴ ሊፈነዳ ነበር።


ረቡዕ

ዛሬ ቀኝ ዓይኔን በእጄ ከደንኩና በግራዬ ብቻ አየሁ። ለምን ቀደም ብዬ እንዲህ እንዳላደረግሁ አላውቅም። ሰው ሁለት ዓይን ካለው ማን ለየብቻ ይፈትናቸዋል?

ጭጋግ ነው። ድቅድቅ ጨለማ አይደለም፣ ጭጋግ። ግድግዳው ላይ የኤዶ የሰላት ሰዓት የሚያሳየው ካላንደር አለ፤ መሀሉን ሳየው ይነበባል፣ ዳር ዳሩ ግን የለም። ጥቁር አልሆነም። ዝም ብሎ የለም። ግድግዳው ብቻ ነው የሚታየኝ።

እጄን አነሳሁና ቀኜን ገለጥኩ። ካላንደሩ ተመለሰ። ከደንኩ፤ ሄደ። ሕፃን ሲያጫውቱ እንደሚያደርጉት፣ መክደን መግለጥ።

ለማንም አልተናገርኩም። ለኤዶ ብነግር ለእማዬ ትነግራለች፤ እማዬ በነጋታው ጅቡቲም በኩል ቢሆን ትመጣለች። ለማህዲ ብነግር ማየት የማትችል ካርታ ሠሪ ምን ታደርግለታለች? ድካም ነው ብዬ ራሴን አሳመንኩ። ላፕቶፕ ነው። እረፍት ነው የሚያስፈልገኝ።

ጠብታዋን ዛሬ እጥፍ አደረግኋት። ጨምሬ ጨምሬ። ዓይኔ ነጭ፣ ጥርት ያለ ሆነ። መስታወት ውስጥ ሳየው ታሞ የሚያውቅ አይመስልም።


ሐሙስ

አልሐምዱሊላህ በሕይወት አለን። መጀመሪያ ይኼን ልጻፍ።

ማህዲ እንግዳ ከአየር ማረፊያ እንድናመጣ ላከን። የሆዳን መኪና እንደ ከተማው መኪና ሁሉ መሪዋ በቀኝ ነው፤ የምንነዳውም በመንገዱ ቀኝ። ስለዚህ ከፊት የጭነት መኪና ካለ ሾፌሩ መንገዱን አያይም፤ የሚያየው በግራ የተቀመጠው ተሳፋሪ ነው። ሀርጌሳ ውስጥ ከፊት የተቀመጠ ሁሉ ረዳት ነው፤ አማት ብትሆንም። ሾፌሩ «ባዶ ነው?» ይላል፣ አንተ አንገትህን አስግገህ «ሂድ» ትላለህ። ሲሚንቶ የጫነ መኪና ከፊታችን እየተንፏቀቀ ነበር።

ሆዳን «ባዶ ነው?» አለች።

አየሁ። ወላሂ አየሁ። አስፋልቱ ባዶ ነበር፣ ዳሩ ላይ ቁጥቋጦ፣ ከሱ በላይ ሰማይ። «ባዶ ነው፣ ሂጂ» አልኳት።

ልትቀድመው ወጣች። ነጭ ሚኒባስ ፊት ለፊታችን ነበር። ከየትም አልመጣም፤ እዚያው ነበር። የሾፌሩን አፍ ሲከፈት አይቻለሁ። ሆዳን መሪውን እንዴት እንደጠመዘዘችው አላህ ነው የሚያውቅ፤ መኪናዋ አስፋልቱን ለቃ ድንጋይ ላይ ስትዘል ጭንቅላቴ ጣሪያውን መታ። አቧራ ውስጥ ቆመች።

ከዚያ ጮኸችብኝ። «ዕውር ነሽ እንዴ? ዕውር ነሽ?» እያለች ትከሻዬን ትመታኛለች፣ ታለቅሳለች። ሁለት ልጆቿን እየጠራች። የሚኒባሱ ሰዎች ወርደው ሰደቡን፤ የሚገባን ስድብ ነው።

«ባዶ ነበር» አልኳት።

መምታቷን አቆመች። አየችኝ። ፊቷ ላይ ንዴቱ ሲወርድና ሌላ ነገር ሲተካው አየሁ። ስንመለስ እንግዳውን ከፊት አስቀመጠችው።


ዓርብ

ሁሉም ዝግ ነው። ሐኪም ቤቱም ሰዉም።

ለኤዶ ነገርኳት። ትጮኻለች ብዬ ነበር፤ እጄን ያዘችኝ። ከጁምዓ በኋላ ለዘመድ ሁሉ ደወለችና ኢትዮጵያ የተማሩ የዓይን ሐኪም አገኘችልኝ። ነገ ጠዋት።

ሰገነቱ ላይ ወጥቼ ቀኜን ከደንኩ። ናሳ ሃብሎድ አንድ ኮረብታ ናት።

ያ ረቢ፣ ዓይኔን አትውሰድብኝ። ሥራውን ውሰደው፣ ዓይኔን ተውልኝ። ሌላ መጻፍ አልቻልኩም።


ቅዳሜ

ሐኪሙ ሽማግሌ ናቸው፤ ድሬ ነው ያደግሁት ስላቸው በአማርኛ «አቦ በይኛ!» ብለው ሳቁ። ከዚያ በኋላ አልሳቁም።

ዓይኔን አደነዘዙና ሰማያዊ መብራት አስጠግተው የሆነ ነገር አስነኩት። ለኩ። ደግመው ለኩ። ወደ ቀኙ ሄዱ፣ ተመልሰው ግራውን ሦስተኛ ለኩ።

«ልጄ፣ ዓይንሽ ንፋስ እንደበዛበት ጎማ ጠጥሯል። ዕድሜሽ ለዚህ አይደለም። ምን ትጨምሪበታለሽ?»

«ላፕቶፕ ነው ዶክተር። ቀኑን ሙሉ...»

«ላፕቶፑን አልጠየቅሁሽም። ዓይንሽ ውስጥ ምን ትጨምሪያለሽ?»

ብልቃጧን ከቦርሳዬ አወጣሁላቸው። እንዲያውም እንድታድነኝ የያዝኳት መድኃኒት ናት ብዬ፣ ጎበዝ እንዲሉኝ ጠብቄ! መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው አነበቡ። «ማን አዘዘልሽ?»

«ቢሮው።»

«ቢሮው ሐኪም አለው?»

«ፍሪጅ አለው» አልኳቸው። አፌ እንዲህ ነው፤ ስፈራ ይባስበታል።

አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ወንበራቸውን አስጠግተው አስረዱኝ። ኮርቲዞን የሚባል ነገር አለበት። ቅላቱን ያጠፋል፣ ለዚህ ነው ሰው የሚወደው። ለአጭር ጊዜ፣ በሐኪም ዓይን ሥር ከሆነ ጥሩ መድኃኒት ነው። ዝም ብሎ ለወራት ከተጨመረ ግን አንዳንዱ ሰው ላይ የዓይንን የውስጥ ግፊት ያንራል፤ ግፊቱ ደግሞ የሚያየውን ነርቭ ቀስ እያለ ይገድለዋል። ከዳር ነው የሚጀምረው። የሞተው አይመለስም።

«ላፕቶፑስ?» አልኳቸው፤ አሁንም ጥፋቱን እሱ ላይ ልጥል።

«ላፕቶፕ ዓይን ያደርቃል፣ ያደክማል፣ ራስ ያሳምማል። ስትዘጊው ይተውሻል። ይኼኛው ዘግተሽውም አይተውሽም።»

ታዲያ ለምን ጥቁር ሆኖ አይታየኝም ብዬ ጠየቅኳቸው። «ጥቁር ሆኖ ቢታይማ ሰው ሁሉ በጊዜ ይመጣ ነበር» አሉ። የጎደለውን አእምሮ ይሞላዋል። በዙሪያው ያለውን ወስዶ ይለጥፍበታል፣ ሰውየውም ሙሉ ያየ ይመስለዋል።

አስፋልት ወስዶ ሚኒባሱ ላይ ለጠፈልኝ ማለት ነው። አፈር ወስዶ የአደይ ፋዱማ ቤት ላይ።

ጠብታዋ ከዛሬ ጀምሮ ቀርታለች። ሌላ ጠብታ፣ ግፊት የሚያወርድ። የሚዋጥም አለ። ሰኞ ምን ያህል እንደጠፋና ምን እንደተረፈ በማሽን ይታያል። «ቢሮ ውስጥ ሌላ የሚጠቀማት አለ?» አሉኝ ስወጣ። ሁላችንም አልኳቸው። «ሁላችሁም ኑ።»

ኤዶ መንገዱን ሙሉ እጄን አልለቀቀችም። እኔ ደግሞ የማስበው ስለ ሆዳን ነበር። ጠብታዋን ከኔ በፊት የጀመረች እሷ ናት።


እሁድ

የሚዋጠው መድኃኒት ጣቶቼን ይነዝረኛል፣ ለስላሳ መጠጥ ብረት ብረት ይለኛል። ግድ የለም። ዛሬ ያ አውራ ጣት ትንሽ ላላ ብሏል።

ቢሮ ሄጄ ለሁሉም ተናገርኩ። ቆሜ፣ ጮክ ብዬ፣ ዶክተሩ ያሉትን አንድ ሳላስቀር። ኢንጂነር ማህዲ፣ እንዲህ አይነት ሰው ነው ብዬ አስቤ አላውቅም፣ ተነስቶ ፍሪጁን ከፈተና ብልቃጧን ቆሻሻ ውስጥ ጣላት። ስለ ኮንትራቴ አልጠየቅሁትም፤ እሱም አላነሳውም።

ሆዳን ግን ፊቷ ጠቆረ። ኮሪደር ላይ ያዘችኝ። «በሰው ፊት እኔ አሳወርኩሽ ማለትሽ ነው?»

«ስምሽን ጠራሁ?»

«ያመጣኋት እኔ ነኝ። ሁሉ ያውቃል።»

«ሆዳን፣ ተመርመሪ ነው የምልሽ።»

«እኔ ምን ሆኜ? ይኸው ነጭ ዓይን! ይኸው መኪና እነዳለሁ! ያንቺ የቤተሰብ በሽታ ነው፤ እናትሽ ራሷ ከአባትሽ ነው ብላለች።»

እማዬ፣ ምን ነበረበት አፍሽን ብትይዢ! ማለቴ እኔ አፌን ብይዝ። ሁሉን ነገር ለሆዳን የምነግራት እኔ ነኝ።

ዐሱር ከሰገድን በኋላ ወተት ለማውጣት ፍሪጁን ከፈትኩ። አዲስ ብልቃጥ። ማሸጊያዋ ተከፍቷል። ማን ገዛት ብዬ አልጠየቅሁም፤ ዞር ስል ሁለት ሦስት ሰው ዓይኑን እያርገበገበ ወደ ስክሪኑ አጎነበሰ። ሆዳን ከመጸዳጃ ቤት ስትወጣ ተያየን። ዓይኗ ጥርት ብሏል።


ሰኞ

ጠዋት ሆዳን በር ላይ ክላክስ አደረገች። ይቅርታ አላለችም፤ እኔም አላልኩም። «ግቢ፣ ሐኪም ቤት ላድርስሽ» አለች። ከኋላ ተቀመጥኩ። መንገድ ላይ የመኪናዋ ግራ ጎን የአንድ ሰውዬ የእጅ ጋሪ ነካ፤ ቲማቲሙ ተበተነ። «ከየት መጣ!» አለች። ፀሐይ ላይ፣ ቀይ በቀይ የሆነ ጋሪ ነው።

ሐኪሙ ዘንድ አብራኝ ገባች። መጀመሪያ የኔ። ማሽኑ ውስጡ ነጭ የሆነ ትልቅ ጎድጓዳ ሳህን ነው። አገጭህን ታስደግፋለህ፣ መሀሉን ብቻ ታያለህ፤ ዳር ላይ ትንንሽ መብራት ብልጭ ሲል እጅህ ላይ ያለውን ትጫናለህ። በጣም ተጠንቅቄ ሠራሁ። ሁሉንም ተጫንኩ። ወረቀቱ ሲወጣ የግራ ዓይኔ አንድ ጎኑ ጠቁሯል፣ እንደፈሰሰ ቀለም። «ያየሽውን ሁሉ ተጭነሻል» አሉኝ ሐኪሙ ቀስ ብለው። ቀኙንም በዚያው በግራ ጠርዙ በኩል ትንሽ ነክቶት ቆሟል፤ ቤቱንና ሚኒባሱን የበላብኝ ሁለቱም የማያዩት ያ ጥግ ነው። ግፊቱ ወርዷል። የጠፋው ጠፍቷል፣ የተረፈውን እንጠብቀዋለን፣ በተረፈው ታነቢያለሽ፣ ትሠሪያለሽ አሉኝ። እዚያው አለቀስኩ። የከፋኝ ይሁን ደስ ያለኝ አላውቅም፤ አልሐምዱሊላህ ነው ያልኩት።

ሐኪሙ ሆዳንን አዩዋት። «አንቺም ከመጣሽ አይቀር...» እምቢ ትላለች ብዬ ነበር። ትከሻዋን ነቀነቀች፣ ስልኳንና የመኪናዋን ቁልፍ «ያዢልኝ» ብላ ሰጠችኝና ተቀመጠች። እኔን ልታሳፍረኝ ነው የተቀመጠችው፤ አውቃታለሁ።

ዝም በይ ስላሉኝ ከጎን ቆሜ ነበር። ከዚያ ቦታ የሳህኑ ውስጥ ለኔም ይታየኛል። መብራት ብልጭ አለ፤ ሆዳን ተጫነች። ብልጭ አለ፤ ተጫነች። ከዚያ በግራ በኩል አንድ ብልጭ አለ። እኔ በዚህ በተረፈ ዓይኔ አየሁት። ሆዳን አልተጫነችም። ሌላ፤ አልተጫነችም። ከሥሩ ሌላ። ቁልፉን ጨብጬው መዳፌን ወጋኝ። ቀስ ብዬ በልቤ «ተጫኚ፣ ተጫኚ» እላለሁ። ሐኪሙ ማሽኑን እንጂ እኔን አያዩም።

አለቀ። ሆዳን ተነስታ ሻርፗን አስተካከለች። ፊቷ በርቷል።

«አየሽ? አንድም አላመለጠኝም» አለችኝ በአማርኛ። ሐኪሙ ጀርባቸውን ሰጥተው ወረቀቱ እስኪወጣ ይጠብቃሉ። እጇን ዘረጋችልኝ። «በይ ቁልፌን አምጪ፣ ሥራ ረፈደብን።»

ቁልፉን ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት።

«ተቀመጪ ሆዳን» አልኳት።